አንገት የሚያስደፋ ዋና፦ የአንድ የጣና ዳር ዋናተኛ የጉዳይ ጥናት

ይህ የጉዳይ ጥናት ባለፈው በጋ፣ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ፣ ባሕር ዳር ውስጥ ያሠለጠንኩትን አንድ ወጣት ይመለከታል። ወጣቱ የ20 ዓመት ልጅ ነው። ተወልዶ ያደገው በጣና ደቡባዊ ዳርቻ፣ ዓባይ ከሐይቁ ከሚወጣበት ስፍራ በማይርቅ መንደር ሲሆን፣ ዋና መቼ እንደቻለ ሲጠየቅ እንደማንኛውም የሐይቅ ዳር ልጅ «አላስታውስም» ብሎ ይመልሳል። ወደ እኔ የመጣው ለሥራ ጉዳይ ነበር። በከተማው ያለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ለመዋኛ ገንዳው የሕይወት አድን ሠራተኛ ሊቀጥር መሆኑን ሰምቶ ለፈተናው እንዳዘጋጀው ጠየቀኝ። ፈተናው ሦስት ክፍል ነበረው፤ 200 ሜትር በ4 ደቂቃ ውስጥ መዋኘት፣ እየሰጠመ ያለ ሰው መስሎ ወደሚንቦጫረቅ ፈታኝ ደርሶ ጎትቶ ማውጣት፣ በመጨረሻም ከገንዳው ወለል ላይ ዕቃ ጠልቆ ማንሣት።

ጉዳዩን መጻፍ ያስፈለገኝ፣ ልጁ ይዞት የመጣው ስልት በዋና ታሪክ ውስጥ ራሱን የቻለ ቦታ ያለው መሆኑን ዘግይቼ በመረዳቴና ባለመረዳቴም ሁለት ወር ያህል በተሳሳተ መንገድ ስለመራሁት ነው። የስፖርት መምህር ነኝ፤ ዋና የተማርኩትም ያስተማርኩትም ገንዳ ውስጥ ነው። ይህ ዝርዝር ለሚቀጥለው ነገር ሁሉ መነሻ ስለሆነ አስቀድሜ መናገሩን መርጫለሁ።

የመጀመሪያው ቀን

ልጁ ወደ 25 ሜትሩ ገንዳ ገብቶ እንደለመደው እንዲዋኝ ነገርኩት። አገጩን ከውኃው በላይ አድርጎ፣ ዐይኑን ከፊት ለፊቱ ሳይነቅል፣ ክንዶቹን እያፈራረቀ ከውኃው በላይ ወደ ፊት እየወረወረ ሄደ። እግሮቹ የክንዶቹን ያህል አይሠሩም ነበር። ሁለት ክንድ በወረወረ ቁጥር አንድ ጊዜ እንደ መቀስ ተከፍተው ይከደኑና ሰውነቱን ወደ ፊት ይወነጭፉታል፤ ከዚያ ያርፋሉ፤ በዚያች ዕረፍት ወገቡ ይሰምጣል፤ የሚቀጥለው የመቀስ ምት ደግሞ የሰመጠውን ወገብ እንደገና ይጎትተዋል። ከጎን ሆኜ ስመለከተው አካሄዱ ዳገት የሚወጣ በቅሎ ይመስል ነበር፤ ይበረታል፣ ይዘገያል፣ እንደገና ይበረታል። 25 ሜትሩን በ34 ቀዘፋ ጨረሰ። ፍጥነቱ መጀመሪያ ላይ ለገንዳ ልጆች የሚያስቀና ነበር፤ አራተኛውን ርዝመት ሲጀምር ግን ትንፋሹ አለቀና መሀል ላይ ወደ ጠርዙ ተጠግቶ ያዘ።

«መምህር፣ ሐይቁ ላይ እኮ ያለ ዕረፍት ታንኳ ደርሼ እመለሳለሁ፤ እዚህ ምን ነካኝ?» አለኝ።

ጥያቄው ተገቢ ነበር። ሐይቁ ላይ ሰዓት የሚይዝበት የለም፤ ሲደክመው ይንጋለላል፤ ማዕበሉም ቢገፋው አቅጣጫውን አስተካክሎ ይቀጥላል። ገንዳው ላይ ግን ፍጥነት ተጠየቀ፤ ፍጥነት ደግሞ በውኃ ውስጥ ዋጋው ከባድ ነው። ውኃ ከአየር 800 ጊዜ ያህል የጠጠረ ነገር ከመሆኑም በላይ፣ ዋናተኛውን የሚገታው ኃይል የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ነው፤ ፍጥነቱን እጥፍ ለማድረግ የፈለገ ሰው አራት እጥፍ ግፊት ይጠብቀዋል ማለት ነው። በዚህ ላይ ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ለሐይቅ ዳር ልጅ ይህ አዲስ ነገር ባይሆንም፣ ትንፋሹን የሚያባክን ስልት ያለው ሰው ከሌላው ቀድሞ እንዲቀጣ ያደርገዋል።

ብክነቱ ከየት እንደመጣ ማየት አላስቸገረኝም። ሰው ውኃ ላይ ሲተኛ በአየር የተሞላው ደረቱ ይንሳፈፋል፤ ዳሌውና እግሩ ግን ወደ ታች ያዘነብላሉ። ሰውነት ደረት ላይ እንደተሰካ ሚዛን ስለሆነ ራስ ወደ ላይ በተነሣ ቁጥር እግር ይወርዳል። እግር ሲወርድ ደግሞ ዋናተኛው ውኃውን በአናቱ ብቻ ሳይሆን በሙሉ ሰውነቱ ፊት መግፋት ይጀምራል። ስለዚህ ያዘዝኩት የመጀመሪያ ነገር ፊትህን ውኃ ውስጥ ክተት፣ ወደ ወለሉ ተመልከት የሚል ነበር።

አጎቱ ያን ቀን አብሮት መጥቶ ነበር። ስድሳዎቹን የተሻገሩ፣ ከደንገል ታንኳ ሠርተው የሚሸጡ ሰው ናቸው፤ ልጁ «አያ» ይላቸዋል። ከጥላው ሥር ሆነው ሲሰሙኝ ቆይተው ሳቅ አሉ። «እንዴ መምህር፣ የሰው ልጅ አንገቱን አስደፍተው ነው እንዴ የሚያስተምሩሳ!» አሉኝ። እኔም ሳቅሁ፤ ነገሩን እንደ ቀልድ ብቻ ወሰድኩት።

የእኔ ስሕተት

ልጁ መነጽር አድርጎ አያውቅም ነበር። የዋና መነጽር በኦሎምፒክ ውድድር ላይ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ታላላቅ ዋናተኞች ባዶ ዐይናቸውን ክሎሪን ባለበት ውኃ እየከፈቱ ነበር የሚወዳደሩት። መነጽር በልምምድ ላይ ያመጣው ለውጥ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ዐይን ሳይቃጠል ረጅም ሰዓት ውኃ ውስጥ መቆየት ሲቻል፣ ፊትን ደፍቶ ወለል እያዩ መሄድም ያን ያህል ቀላል ሆነ። ልጁ በሁለተኛው ሳምንት ከመነጽሩ ጋር ተላመደ፤ ፊቱንም መክተት ጀመረ። እዚህ ድረስ ጥፋት አልነበረብኝም።

ጥፋቱ የጀመረው ክንዱን ላርም ስል ነው። የተማርኩበት የማስተማሪያ ደብተር ዋናተኛው እጁን ውኃ ውስጥ በቀጥታ ወደ ኋላ እንዳይስብ፣ ይልቁንም የላቲኑን የኤስ ፊደል ቅርጽ በሚመስል ጥምዝ መንገድ፣ መጀመሪያ ወደ ውጭ፣ ቀጥሎ ከደረት ሥር ወደ ውስጥ፣ በመጨረሻም ወደ ጭን እንዲጠርግ ያዝዛል። እጁም ውኃ ውስጥ ሲገባ አውራ ጣቱን አስቀድሞ እንዲገባ ይላል። ይህ ትምህርት ከባዶ የመጣ አልነበረም። አሜሪካዊው አሠልጣኝ ጄምስ ካውንስልማን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ዋናተኞችን ከውኃ በታች በካሜራ እየቀረጸ ሲመረምር፣ ምርጦቹ እጃቸውን በቀጥታ መስመር እንደማይስቡ አየ። እነዚያ ዋናተኞች አሠልጣኞቻቸው ከነገሯቸው የተለየ ነገር ያደርጉ ነበር፤ ማርክ ስፒትዝም፣ እ.ኤ.አ. በ1972 ሙኒክ ላይ ሰባት ወርቅ የወሰደው፣ የእርሱ ተማሪ ነበር። ካውንስልማን ለዚህ የሰጠው ማብራሪያ እጅ እንደ አውሮፕላን ክንፍ ውኃውን በጎን እየቆረጠ የማንሣት ኃይል ያገኛል የሚል ነበር፤ ማብራሪያውም ለብዙ ዓመታት በየአገሩ የአሠልጣኞች ትምህርት ሆነ። ኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ግን ዋናተኛውን በይበልጥ የሚገፋው፣ እጅና ክንድ እንደ መቅዘፊያ ሆነው ውኃውን ወደ ኋላ ሲገፉት የሚገኘው ግፊት መሆኑን አሳዩ። ጥምዙ ደግሞ በከፊል የመጣው ሰውነቱ በየቀዘፋው ግራና ቀኝ ስለሚገላበጥ ነው፤ አካሉ እየዞረ እያለ እጁ ቀጥ ብሎ ቢጓዝም ከካሜራው ሲታይ የተጠማዘዘ ይመስላል። ዛሬ የሚሰጠው ትምህርት ክርንን ከፍ አድርጎ፣ ከክርን በታች ያለውን ክንድ በጊዜ ወደ ታች ቀጥ አድርጎ ውኃውን በቀጥታ ወደ ኋላ መግፋት ነው።

እኔ ይህን አላወቅሁም ማለት አልችልም፤ አውቄ ነበር፤ ግን ደብተሬን አላደስኩም። ልጁን የማስተማረው ከሃያ ዓመት በፊት በተማርኩት ነበር። እርሱም ታዛዥ ነውና ያልኩትን ሁሉ አደረገ፤ አውራ ጣቱን አስቀድሞ ገባ፣ እጁንም ከደረቱ መሀል አሳልፎ ወደ ሌላው ጎን ጠረገ። በኅዳር መጨረሻ ቀኝ ትከሻው መውጋት ጀመረ። ታኅሣሥ ላይ ክንዱን ከጆሮው በላይ ማንሣት አቃተው፤ ሸሚዝ ሲለብስ ፊቱን ሲያጨማድድ አየሁት። ከልጅነቱ ጀምሮ ሲዋኝ ትከሻው አሞት የማያውቅ ልጅ በእኔ እጅ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው ታመመ። አጎቱ ስለዚህ አንድም ቃል አልተናገሩኝም፤ ዝምታቸው ግን ከወቀሳ የከበደ ነበር።

ሦስት ሳምንት አሳረፍኩት። በእነዚያ ሳምንታት የመጀመሪያውን ቀን በስልክ የቀረጽኩትን ደጋግሜ አየሁ። የእርሱ የድሮ ክንድ አገባብ ትከሻውን ያልጎዳበት ምክንያት ያኔ ታየኝ። እጁ ከትከሻው ፊት ለፊት ነበር የሚገባው፤ መዳፉም ወደ ታች ነበር፤ መሀሉን አይሻገርም፤ ውኃውንም በቀጥታ ይገፋው ነበር። በአጭሩ ከእኔ ደብተር ይልቅ ለዛሬው ትምህርት የቀረበው የእርሱ ክንድ ነበር። ራሱና እግሩ ብቻ ከሌላ ዘመን ነበሩ።

ስልቱ የየትኛው ዘመን ነው?

«ሌላ ዘመን» ያልኩት ለቃል ማሳመሪያ አይደለም። ክንድ ከውኃ በላይ፣ ራስ ከውኃ በላይ፣ እግር እንደ መቀስ፤ ይህ ጥምረት በዋና ታሪክ ውስጥ ስም አለው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ እንግሊዞች ዋና ሲሉ የደረት ዋና ማለታቸው ነበር። ፊት ደረቅ ሆኖ፣ እጆች ከውኃው ሥር ተከፍተው ተዘግተው፣ እግሮች እንደ እንቁራሪት ተወርውረው፣ ውኃው ሳይረጭ የሚሄዱበት ስልት ነው። እ.ኤ.አ. በ1844 ሁለት የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝብ፣ የኦጂብዌ ሰዎች፣ ለንደን ውስጥ በአንድ ገንዳ ሲወዳደሩ ተመልካቹ ሌላ ነገር አየ። ስማቸው ሲተረጎም «በራሪው የባሕር ወፍ» እና «ትምባሆ» ነበር። ክንዶቻቸውን እንደ ነፋስ ወፍጮ ክንፍ ከውኃ በላይ እያሽከረከሩ፣ እግሮቻቸውን ወደ ላይና ወደ ታች እየመቱ ሄዱ፤ አሸናፊውም 130 ጫማ፣ ማለትም 40 ሜትር ገደማ፣ በ30 ሰከንድ ጨረሰ። ፍጥነቱ ዐይን ላይ ታየ። እንግሊዞቹ ግን ጨዋነት የጎደለው መንቦጫረቅ አድርገው ቆጠሩትና በደረት ዋናቸው ቀጠሉ። አንድን ስልት የሚያስንቀው ዘገምተኛነቱ ብቻ አለመሆኑን ለማየት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም፤ እኔም ልጁን በመጀመሪያው ቀን ያየሁት በእነዚያው የገንዳ ተመልካቾች ዐይን እንደነበረ አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

ለደረት ዋና ፍትሕ ለመስጠት ያህል፣ ማቲው ዌብ እ.ኤ.አ. በ1875 በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ያለውን የባሕር ወሽመጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ረዳት መሣሪያ ያቋረጠው በዚሁ ስልት ነው፤ 21 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ፈጀበት። በ1926 ግን ገርትሩድ ኢደርሌ የተባለች አሜሪካዊት ክንድ እያፈራረቀች ያንኑ ወሽመጥ ከ15 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ተሻገረች። ይህም ፈጣኑ ስልት ለአጭር ርቀት ብቻ ነው የሚባለውን አስተሳሰብ ዘጋው።

በሁለቱ መካከል ያለው ድልድይ ጆን አርተር ትራጀን ነው። ትራጀን ወጣት ሳለ በደቡብ አሜሪካ ከአገሬው ሰዎች ክንድን ከውኃ በላይ እያፈራረቁ መወርወርን ተማረ፤ እ.ኤ.አ. በ1873ም ለንደን ውስጥ በውድድር አሳየው። ከኦጂብዌዎቹ የወሰደው ነገር አልነበረም፤ እግሩም እንደ እነርሱ አይመታም፤ በሁለት ክንድ አንድ ጊዜ እንደ መቀስ ይከፈትና ይዘጋል፤ ራሱም ከውኃ በላይ ነው። ስልቱ በእርሱ ስም ትራጀን ተብሎ ለሠላሳ ዓመት ያህል የፈጣን ዋናተኞች ስልት ሆነ።

የእኔ ልጅ የሚዋኘው ትራጀን ነበር። ከየት ተማረው? ከማንም። ጣና ላይ እንግሊዝ መጥቶ አላስተማረም። ከታንኳ ወድቆ ወደ ታንኳ የሚመለስ፣ መቅዘፊያ ሲንሳፈፍበት ተከትሎ የሚይዝ፣ በክረምት ደለል በቀላ ውኃ ውስጥ ፊቱን ቢከት ምንም የማያይ ሰው፣ ዐይኑን ከውኃ በላይ አድርጎ ክንዱን የመወርወር አማራጭ ብቻ ነበረው። ራስ ከተነሣ እግር ይሰምጣል፤ የሰመጠን እግር መልሶ የሚያነሣው ደግሞ የመቀስ ምት ነው። ተመሳሳይ ጥያቄ በደቡብ አሜሪካና በባሕር ዳር ተመሳሳይ መልስ አመጣ።

የሚቀጥለው እርምጃም የመጣው ከሐይቅ መሰል ውኃ ነው። አሊክ ዊክሃም የተባለ የሰሎሞን ደሴቶች ልጅ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ሲድኒ ውስጥ ሲዋኝ፣ እግሩን እንደ መቀስ በመክፈት ፋንታ ሳያቋርጥ ወደ ላይና ወደ ታች ይመታ ነበር፤ በአገሩ ሐይቆች በሚመስሉ የባሕር ኩሬዎች የተለመደ ስልት ነው። ካቪል የተባለው የዋና አሠልጣኞች ቤተሰብ ይህን ወሰደ፤ ከልጆቹ አንዱ ሪችመንድ ካቪል እ.ኤ.አ. በ1902 100 ያርድን ከአንድ ደቂቃ በታች ዋኘ፤ ስልቱም ክራውል ተባለ። አሜሪካዊው ቻርልስ ዳንየልስ የእግር ምቱን ከክንዱ ዙር ጋር አስማማው። የሃዋይው ዱክ ካሃናሞኩ እ.ኤ.አ. በ1912 ስቶክሆልም ላይ 100 ሜትር በ1 ደቂቃ ከ3.4 ሰከንድ አሸነፈ፤ ጆኒ ዋይዝሙለር በ1922 ርቀቱን በ58.6 ሰከንድ በመጨረስ ከደቂቃ በታች የገባ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ቻይናዊው ፓን ጃንሌ በ2024 ፓሪስ ላይ ያስመዘገበው 46.40 ሰከንድ ነው። በዋይዝሙለርና በፓን መካከል ያለው 12 ሰከንድ ከሰው ጥንካሬ ብቻ የመጣ አይደለም፤ ከገንዳ አሠራር፣ ከመነሻ መድረክ፣ ግድግዳ ላይ ከመገለባበጥና ከግድግዳው ተነሥቶ ከውኃ ሥር እንደ ዓሣ ከመሄድ ጭምር ነው። ይህ የመጨረሻው ፍጥነቱ ከመብዛቱ የተነሣ በሕግ ሊገደብ ግድ ሆኗል፤ ዛሬ ዋናተኛው በ15 ሜትር ውስጥ ከውኃው በላይ መውጣት አለበት።

እዚህ ላይ ለእኔ ጉዳይ የጠቀመኝ አንድ ዝርዝር አለ። ዋይዝሙለር ሲዋኝ ራሱንና ደረቱን ከውኃ ከፍ አድርጎ ነበር። የውኃ ኳስ ተጫዋችም ነበር፤ የውኃ ኳስ ተጫዋች ደግሞ ኳሱን ማየት አለበት። ስለዚህ ከፍ ያለ ራስ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ለማየት የሚከፈል ዋጋ ነው። ፈተናው ላይ ልጁ መቼ መክፈል እንዳለበትና መቼ እንደሌለበት ማወቅ ነበረብኝ።

ከጥር እስከ መጋቢት

ጥር ላይ ክንዱን ሳልነካ ተውኩት፤ የራሱን አገባብ መልሶ ወሰደ። ትከሻው ዳግመኛ አልወጋውም። ሥራዬን በሙሉ ወደ እግሩና ወደ ትንፋሹ አዞርኩ።

እግሩን ለማስተካከል የመንሳፈፊያ ሰሌዳ አስፈለገን። ያለን አንድ ነበር፤ እርሱም ተሰንጥቆ ነበር። አጎቱ ይህን ሰምተው በሚቀጥለው ቅዳሜ አንድ ክንድ ርዝመት ያላት፣ በገመድ ሦስት ቦታ የታሰረች የደንገል እስር ይዘው መጡ። ጫፎቿን እንደ ታንኳ አፍንጫ ትንሽ ወደ ላይ ቀለበሷት። ልጁ እጆቹን በላይዋ ዘርግቶ እግሩን ብቻ እየመታ 25 ሜትር ሄደ። ደንገሏ በእርግጥ ከላስቲክ ሰሌዳ ትበልጥ ነበር፤ ክብ ስለሆነች ወገቡ ባዘነበለ ቁጥር ትሽከረከርበታለች፤ ስለዚህ ሳልናገረው ሚዛኑን ራሱ ይጠብቃል። ጉድለቷ እንደ ታንኳ ሁሉ ውኃ እየጠጣች መክበዷ ነው፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ግማሽ ሰጥማ ነበር የምትሄደው፤ አጎቱም ሌላ አሰሩ። የገንዳው ጠባቂ ግን ማጣሪያው ውስጥ የደንገል ልጣጭ እያገኘ እስከ መጨረሻው ተማርሮብናል።

ልጁ በደንገሏ ላይ ሆኖ እግሩን በትክክል ይመታ ነበር። ደንገሏን ሲለቅና ክንዱን ሲጨምር ግን መቀሱ ወዲያው ይመለሳል። ምክንያቱን ለማግኘት ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። መቀሱ የሚከፈተው እግሩ ስለለመደው ብቻ አልነበረም፤ ለመተንፈስ ራሱን ሲያነሣ ወገቡ ይጠመዘዝና ሰውነቱ ሚዛኑን ለመጠበቅ እግሩን ይዘረጋል። በሌላ አነጋገር የእግሩ ችግር አፉ ላይ ነበር። ፊቱ ሁልጊዜ ደረቅ ስለነበረ ውኃ ውስጥ ማስተንፈስን ከቶ ተምሮት አያውቅም። ሲጠልቅ ትንፋሹን ይይዛል፤ ሲወጣ ያወጣል። ገንዳው ላይ እንዲሁ ሲያደርግ በአንዲት ቅጽበት አሮጌውን አየር አውጥቶ አዲሱን ማስገባት ነበረበት፤ ጊዜ ስለሚያጥረው ራሱን ከፍ አድርጎ ያነሣል።

ስለዚህ የፌብሩዋሪው ወር፣ በእኛ አቆጣጠር ከጥር መጨረሻ እስከ የካቲት፣ ያለፈው ጠርዝ ይዞ ፊቱን ከትቶ አረፋ በመንፋት ነው። ቀላል ይመስላል፤ ለ20 ዓመት ወጣት ግን ከትንንሽ ልጆች ጎን ቆሞ አረፋ መንፋት ትንሽ ሞራል ይነካል። «መምህር፣ ይህን ሲያዩኝ እኮ ዋና አይችልም ይሉኛል» አለኝ። ቀስ በቀስ በአፍንጫው ቀጭን አረፋ ማውጣት፣ ከዚያም ራሱን ሳያነሣ የመነጽሩን አንድ ዐይን ውኃ ውስጥ ትቶ አፉን በጎን ብቻ ማውጣት ቻለ። ይህን በቻለበት ሳምንት መቀሱ በቀኝ በኩል ሲተነፍስ ጠፋ። ያን ቀን 25 ሜትሩን በ23 ቀዘፋ ጨረሰ።

ሐይቁ ላይ

መጋቢት ላይ፣ ነፋሱ ገና ሳይነሣ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ልጁ አዲሱን ስልት ሐይቁ ላይ እንዲሞክረው ወሰንኩ። ቢልሃርዚያን ስለምሠጋ ከሣሩና ከዳርቻው ሳይሆን ከታንኳ ላይ ወርዶ ጥልቁ ላይ እንዲገባ አደረግን። አጎቱ ቀዘፉ፤ እኔ ከኋላ ተቀመጥኩ። ልጁ ፊቱን ደፍቶ፣ በሚያስደስት እርጋታ፣ ወለል በሌለው ቡናማ ውኃ ውስጥ ሄደ። ሠላሳ ቀዘፋ ሳይሞላው ወደ ግራ ታጠፈ። ገንዳ ላይ የሚመራው ጥቁር መስመር እዚህ የለም፤ ሊሄድ ካሰበበት ወደ ዓባይ መውጫ አቅጣጫ ፈንጠር ብሎ ሄደ፤ በዚያ በኩል ጉማሬ አይጠፋም። አጎቱ መቅዘፊያቸውን ታንኳዋ ላይ አንኳኩና «ቀና በል!» ብለው ጮሁ። ልጁ በአንድ ጊዜ አገጩን አወጣ፣ እግሩን እንደ መቀስ ከፈተ፣ ታንኳዋን አይቶ ተመለሰ።

«አየህልኝ መምህር፣ አንገቱን የደፋ ዋናተኛ እንዲህ ነው የሚሆነው» አሉኝ አጎቱ። እስከዚያ ቀን አንቱ ይሉኝ ነበር፤ በዚያ ጠዋት አንተ አሉኝ፤ ቅር አላለኝም።

በዚያን ጊዜ ነው የክፍት ውኃ ዋናተኞች ምን እንደሚያደርጉ ያሰብኩት። የ10 ኪሎ ሜትር የክፍት ውኃ ውድድር እ.ኤ.አ. በ2008 ቤይጂንግ ላይ ኦሎምፒክ ከገባ ወዲህ ያሉ ዋናተኞች ሁሉ ፊታቸውን ደፍተው ይዋኙና፣ በየጥቂት ቀዘፋው እንደ አዞ ዐይናቸውን ብቻ ከውኃ በላይ አውጥተው አቅጣጫ ይመለከታሉ፤ አፋቸው ሳይወጣ ይመለሳሉ፤ ለትንፋሽ ደግሞ ወደ ጎን ይዞራሉ። ማየትንና መተንፈስን ለይተዋቸዋል ማለት ነው። ልጁ ሁለቱን በአንድ እንቅስቃሴ ነበር የሚያደርጋቸው፤ አንገቱ ግን ለዚህ ሥራ ከልጅነቱ ጀምሮ የጠነከረ ነበር። ከዚያ ጠዋት ጀምሮ ሁለቱንም አስለመድኩት፤ ገንዳ ላይ የተደፋ ራስ፣ ሐይቅ ላይ በየስምንት ቀዘፋው የአዞ ዐይን፣ ከሁለቱ ሌላ ደግሞ የድሮው ትራጀኑ እንዳለ። ለምን ትራጀኑን እንዳቆየሁት ስጠየቅ በጊዜው ጥሩ ምክንያት አልነበረኝም፤ ልነጥቀው አለመፈለጌ ብቻ ነበር።

ፈተናው

ፈተናው በሚያዝያ መጀመሪያ ነበር። 200 ሜትሩን በ3 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ጨረሰ። ዕቃውን ከወለሉ ማንሣቱ ለእርሱ ጨዋታ ነበር፤ ሳይተነፍስ መጥለቅን ከእኔ አልተማረውም።

ያልጠበቅሁት ሁለተኛው ክፍል ነው። ፈታኙ ከገንዳው ማዶ እየጮኸ ይንቦጫረቅ ጀመር። ከልጁ በፊት የተፈተኑት ሁለት ወጣቶች ጥሩ የገንዳ ዋናተኞች ነበሩ፤ ሁለቱም ፊታቸውን ደፍተው በፍጥነት ሄዱ፤ አንዱ ሲደርስ «ሰማጩ» ወደ ጎን ሁለት ሜትር ተንቀሳቅሶ ስለነበር አለፈው። የሕይወት አድን ሥራ ሕግ ደግሞ የታወቀ ነው፤ የሚሰጥመውን ሰው ከዐይንህ አትለይ፤ ከውኃው ሥር ከገባ የገባበትን ቦታ ማየት ያለብህ አንተ ነህ። ልጁ ተራው ሲደርስ አገጩን አውጥቶ፣ ዐይኑን ከፈታኙ ሳይነቅል፣ በዚያው በመጀመሪያው ቀን «ጣለው» ባልኩት ስልት ሄደ። ፈታኙ ወደ ጎን ሲንቀሳቀስ አብሮ ታጠፈ፤ ከጀርባው ዞሮ ብብቱን ያዘውና ጎተተው። ፈታኙ ከውኃ ወጥቶ ይህን ማን እንዳስተማረው ጠየቀኝ። አጎቱ ጥላው ሥር ቆመው ነበር፤ እኔ ወደ እርሳቸው ጠቆምኩ፤ እርሳቸው ደግሞ ወደ ሐይቁ።

ልጁ አሁን በሳምንት አራት ቀን እዚያ ይሠራል፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ እኔ ጋ ይመጣል። በቀኝ ሲተነፍስ እግሩ ንጹሕ ነው። በግራ ሲተነፍስ ግን፣ በተለይ ሲደክመው፣ መቀሱ አሁንም ይከፈታል። ባለፈው ቅዳሜ በመጨረሻዎቹ 50 ሜትሮች ላይ አራት ጊዜ ቆጠርኩበት።